ውሃ የተጨመረበት ጢስ ዓባይ

እኛ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር የሚያስረዝመው አብዛኛውን ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ ነው፤ ካልሆነም ኳስ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የካላንደር ፎቶ 43 ምላሽ አመጣ። አወያይ ስለሆንኩ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ሁለቱን ሰርዣለሁ፤ ስድብ ነበረባቸው። ስለዚህ ምላሽ ቁጥር 17ን እና 31ን ፈልጋችሁ ብታጡ የኔ ጥፋት ነው። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ ብዙ ናችሁና እንዳነበብኩት ልተርክላችሁ።

ጠያቂው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የዲዛይንና ኅትመት ሱቅ ያለው ልጅ ነው። አንድ የቁጠባ ማኅበር ለአዲስ ዓመት 300 ካላንደር አዘዘው። ባለ አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ ትልቅ ፎቶ፣ ከታች 13ቱ ወራት። ማኅበሩ የጢስ ዓባይ ፎቶ ይሁንልን አለ። ልጁ ኢንተርኔት ላይ ፈለገና ጥራቱ ደህና የሆነ አገኘ። ከሥሩ በነጻ መጠቀም እንደሚቻል ተጽፎበታል። አወረደ፣ አተመ። 120ው ታድሎ ካለቀ በኋላ ፎቶውን ያነሳው ሰው ባሕር ዳር ሆኖ አየውና መልእክት ላከለት። ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው ስሙ የት እንደገባ ብቻ ነው።

የልጁ ጥያቄ ታዲያ አጭር ነው። ነጻ ከተባለ ነጻ ነው፤ የምን ስም መጻፍ ነው? መጨረሻ ላይ ደግሞ ጢስ ዓባይ የእግዜር ሥራ እንጂ የፎቶ አንሺ ሥራ አይደለም የምትል ነገር ጣል አድርጓል። እሳቱን የለኮሰችው እሷ ናት።

ቁጥር 1 የቡሬው መምህር ናቸው። ሰላምታ ሳያስቀድሙ የማይጽፉ፣ የረጋ ሰው። የቅጂ መብት ማመልከቻም ማኅተምም እንደማይፈልግ አስረዱ። ሰው የራሱን ወጥ ሥራ ሠርቶ ወረቀት ላይ ካሰፈረው ወይም ከቀረጸው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መብቱ የሱ ነው። ሥራው ቆንጆ ይሁን አይሁን ሕጉ አይጠይቅም። ይህ ሁሉ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ እንዳለ ጠቅሰው አዋጁን በፒዲኤፍ አያያዙት። ለእግዜር ሥራውም መልስ አላቸው። ፏፏቴው የማንም አይደለም፤ የፈለገ ሄዶ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያንሳው። ያ ሰው ያነሳት ያቺ ፎቶ ግን የሱ ናት። ለፎቶግራፍ የተሰጠው ጊዜ ከሌላው አጠር ብሎ 25 ዓመት እንደሆነም ጨመሩ።

ቁጥር 2 ሁልጊዜ የማትጠፋው ነገረኛ ናት። ከተማው ሙሉ ዘፈን በፍላሽ እየጫነ በሚኖርበት አገር አንድ የካላንደር ፎቶ ምን ያንጫጫል ነው ነገሯ። የመምህሩ ፒዲኤፍስ ራሱ የማን ፈቃድ አለው ብላም ነካ አደረገቻቸው። እሳቸው ዝም አሉ። እኔ ግን ልመልስ፦ ሕግና አዋጅ በቅጂ መብት አይጠበቅም። አዋጁ ራሱ ይህን ጽፎታል። መምህሩ አዋጁን ከነማኅተሙ ቢያሳትሙና ቢያድሉ ማንም አይከሳቸውም።

በቁጥር 3 ልጁ ከፎቶው ሥር የነበረውን ጽሑፍ ስክሪንሾት አድርጎ ለጠፈ። ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ይላል። ነጻ ያለው ይህንን ነው።

ቁጥር 4 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። የጻፈችው ባሕር ዳር የምትኖር ፎቶ አንሺ ናት፤ የጣና ዳር ፎቶዎቿን ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የነጻ ፎቶዎች ድረ ገጽ ላይ ትጭናለች። እነዚያ ፊደሎች ጌጥ አይደሉም አለች። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሲሲ የሚለው ምኅጻሩ ነው) የሚባለው ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ ፈቃዶቹን በ2002 መጨረሻ አወጣ። የመጣው የቅጂ መብትን ሊያፈርስ አይደለም። ባለመብቱ ሰው ሁሉ እየደወለ እንዳያስፈቅደው አስቀድሞ ፈቃዱን የሚጽፍበት መንገድ ነው። ባይ ማለት ስሜን ጻፍ ማለት ነው። ኤንሲ ካለበት ለንግድ አታውለው፤ ኤንዲ ካለበት ለውጠህ አታሰራጨው። ኤስኤ ካለበት ደግሞ ለውጠህ ካሰራጨኸው በተቀበልክበት ፈቃድ ለሌላውም ስጥ። ከነዚህ ከአራቱ ስድስት ዓይነት ፈቃድ ይወጣል፤ ባይ የሌለበት አንድም የለም። ስም እንኳን አልፈልግም የሚል ሰው ሲሲ ዜሮ የሚባል ሌላ መንገድ አለው። ስለዚህ ልጁ ነጻ ያለው ፎቶ የብር ዋጋ ባይኖረውም የስም ዋጋ አለው።

እሷው ናት ጦሱን ያመጣችው። በመጨረሻ ፎቶውን እንዳለ ነው ያተምከው ወይስ ነካ ነካ አድርገኸዋል ብላ ጠየቀች።

ቁጥር 5 ካላንደሩ የተሸጠ ስለሆነ ንግድ ነው፣ ስለዚህ አይቻልም ባይ ነው። ቁጥር 6 አረመው፤ ኤንሲ የሚል ፊደል እስከሌለ ድረስ መሸጥ ይቻላል። ይኸው ቁጥር 6 የቢቸና ገበሬ ልጅ ነው፤ ኤስኤን በወንፈል መሰለው። ዛሬ የሰው ጉልበት ለእርሻህ ከተቀበልክ ነገ በሬህን ይዘህ ትወጣለህ። በልቶ መቅረት የለም። ምሳሌውን ወደድኩት። ፍጹም አይደለም፤ ወንፈል ላበደረህ ሰው ነው የሚመለሰው፣ ይሄ ግን ለመንገደኛው ሁሉ ነው። ቢሆንም ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ ኤስኤ የሚል ጠፋ፤ ሁሉም ወንፈል ማለት ጀመረ።

ቁጥር 7። ልጁ ተናዘዘ።

ፎቶው የተነሳው በበጋ ነው። ከዚያ ሰፊ ገደል ላይ የሚወርደው ውሃ በግራ በኩል አንድ ዘለላ፣ በቀኝ በኩል እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ነበር። የቀረው የተራቆተ ጥቁር ድንጋይ ነው። ማኅበሩ ደግሞ የአባላት ቁጠባ እንደ ዓባይ ይጉረፍ የሚል መፈክር ከፎቶው በላይ እንዲጻፍ አዟል። እንዲህ ዓይነት መፈክር በክር ውሃ አይሆንም። ልጁ ፎቶሾፕ ከፈተና የግራውን ዘለላ እየቀዳ ወደ ቀኝ ለጠፈ፤ ስድስት ጊዜ። ከሥሩ ጢስ ጨመረ። ጥግ ላይ የነበረች ፌስታልም አጠፋ። የደንበኛው ሰው ሲያየው ክረምት ላይ የተነሳ መስሎት አመስግኖታል።

ከ8 እስከ 11 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ ውሃው የቀነሰው ጢስ ዓባይ ሁለት የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ መሆኑን፣ ዓባይ ፏፏቴው ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ ተርባይን እንደሚዞር ጻፈ። ሌላው ፎቶው የተነሳው ከጎንደር በኩል ነው እንጂ ከጎጃም በኩል አይደለም አለ። ሦስተኛው በቀኝ በኩል ያለችውን ቁጥቋጦ ምስክር አድርጎ ተከራከረ። የተሰረዘው ቁጥር 17ም የዚሁ ክርክር ትርፍራፊ ነው፤ ሰውየው እስከዚያ ድረስ አልበረደለትም ነበር።

ቁጥር 12 አስፈራሪ ነው። አዋጁ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት እንዳለው ጽፎ ልጁን ስንቅህን አዘጋጅ አለው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ኋላ ነገረኝ። ቁጥር 13 የሕግ ተማሪ ነው፤ ነገሩን አበረደው። ያ ቅጣት ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ነው። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ግን ፎቶ አንሺው የጻፈው ለፖሊስ ሳይሆን ለልጁ ነው። ደግሞ አንድ የሚያተርፈው ነገር አለ። ፈቃዱን የጣሰ ሰው ፈቃዱ ወዲያው ይቋረጥበታል። ሆኖም 4.0 በሚባለው የፈቃዱ እትም ላይ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ፈቃዱ በራሱ ይመለስለታል። ከ4.0 በፊት በነበሩት ላይ ይህ አልነበረም። ባለፎቶውም ቢሆን አንዴ የሰጠውን ፈቃድ ነጥቆ አሁን ክፈል ማለት አይችልም። መልእክቱ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው ሲባል ልጁ ዘጠኝ ብሎ መለሰ።

ቁጥር 14ን ሳይ ወንበሬን አስተካክዬ ነው የተቀመጥኩት። የጻፉት የኔታ ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው፣ የቅኔ መምህር የነበሩ ሰው። አማርኛው ራሱ ቅኔ የሚያፈልቀውን ሰው ዘራፊ እንደሚለው አስታወሱ፤ ቅኔ ዘረፈ ይባላልና። ግን ዘረፋው ከሰማይ ነው እንጂ ከጓደኛ አይደለም። ተማሪ ሳሉ ያዩትን ነገሩን። ቀን ቀን ሁሉም ለየዛፉ ሥር ተበትኖ ቅኔ ይቆጥራል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። አንዱ ተማሪ ከሌላ ጉባኤ የሰማትን ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የራሴ ነች ብሎ ነገረ። መምህሩ አላፈጠጡበትም። ደግ ነው፣ እስቲ ፍታው ብቻ አሉት። ሰሙን ሲፈታ ወርቁ ጠፋበት። ልጁ እስከ ክረምት መውጫ ስሙ ተቀየረ። ምን ብለው እንደሚጠሩት የኔታ አልጻፉም፤ ብዙ ሰው ጠይቋቸው ነበር።

በቁጥር 15 የሕግ ተማሪው በትሕትና አንድ ነገር አነሳ። በቃል ተነግራ የቀረች ቅኔ በአዋጁ አትጠበቅም፤ መጻፍ ወይም መቀረጽ አለባት። ቁጥር 16 ታዲያ ማኅሌት ላይ አንድ ሰው በስልኩ ቢቀርጻትስ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀጂው መቅጃውን ቢይዝም ቅኔዋን አልፈጠራትም። ጥያቄው ሳይፈታ ቀረ፤ ቁጥር 18 ነገረኛዋ ቅኔና ካላንደር ምን አገናኛቸው ብላ ገባች። የኔታ በቁጥር 19 በአንድ መስመር መለሱላት፤ የሰም ለበስ ስድብ መሆኑን የተረዳሁት በማግስቱ ነው። ስለዚህ አልሰረዝኩትም።

ከ20 እስከ 22 ሌላ ወሬ መጣ። የሞጣ መምህርት ናት፤ የአገራችንን ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ ስካን አድርጋ ለተማሪዎቿ በቴሌግራም መላክ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ደራሲው አርፈዋልና መብቱ ያለቀ መስሏታል። የቡሬው መምህር አሰሉ። የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካሉ ድረስ ይቆያል፤ ካረፉ በኋላ ደግሞ 50 ዓመት ለወራሾች ነው። ሐዲስ ያረፉት በኅዳር 1996 ነው፤ አዋጁ በወጣበት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ እስከ 2046 ድረስ ሙሉ መጽሐፉን መበተን አይቻልም። ለክፍል ማስተማሪያ አጭር ክፍል ከምንጩ ጋር መጠቀም ግን ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። መምህርቷ 2046 ላይ ጡረታ እንደምትወጣ ጽፋ ሳቅ ላከች።

በቁጥር 24 ፎቶ አንሺዋ ተመለሰችና ወደ ሥራው አስገባችን። የቀሩት 180 ካላንደሮች ላይ ስቲከር ይለጠፍ። የፎቶው ርዕስ፣ የአንሺው ስም፣ የተገኘበት አድራሻ፣ የፈቃዱ ስም፣ አምስተኛ ደግሞ ለውጥ እንደተደረገበት። ልጁ አራቱን ተቀበለ። አምስተኛው ላይ ተንገዳገደ። ውሃ ተጨምሮበታል የሚል ጽሑፍ፣ ቁጠባ እንደ ዓባይ ይጉረፍ ከሚለው ሥር! ደንበኛዬን ላጣ ነው አለ። ከጀርባ ልለጥፈው ሲል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ጀርባውን የሚያየው ሸረሪት ብቻ ነው ተባለ። ቃሉ ግን ይለሳለስ ተብሎ ተስማሙ፤ ፎቶው ተሻሽሏል ይበቃል። ምን እንደተሻሻለ መዘርዘር ግዴታ አይደለም። ለታደሉት 120ዎች ደግሞ ማኅበሩ የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ያንኑ መስመር እንዲለጥፍ ተባለ።

ስቲከሩን አይቸዋለሁ። ሱቁ ጎራ ብዬ ነበር። አንድ ጣት የማትሞላ ውፍረት ያላት ነጭ ክር ነች፤ በመስከረም እና በፎቶው መካከል ትገባለች። እሱ በከተር ይቆርጣል፣ እህቱ ትለጥፋለች። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ ተጣመዋል፤ ከዚያ በኋላ ማስመሪያ ያዘች።

ቁጥር 27 ስቲከሩ በምን ፎንት እንደተጻፈ ጠየቀና ጥሩ ነገር ተረፈን። አቢሲኒካ ሲልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባል ፈቃድ የተሰጡ ናቸው። በነሱ ካርድም ባነርም አትሞ መሸጥ ይቻላል፤ ኅትመቱ ላይ የፎንት ሠሪ ስም መጻፍ እንኳን አያስፈልግም። ፎንቱን ብቻውን ለሽያጭ ማቅረብ ነው የተከለከለው። ስንቱ ኅትመት ቤት በተሰረቀ ፎንት ይሠራል፤ ነጻው እያለ!

ቁጥር 28 የዘጌ ልጅ ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችስ ብሎ ጠየቀ። ሥዕሎቹ የሠዓሊዎቹ ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ የቅጂ መብት አያግዳቸውም። ሥዕሉን እንደ ወረደ ያነሳው ሰው ፎቶ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፎቶ አትነሳ ካለ ደግሞ ያ የቅጂ መብት ሳይሆን የባለቤት ትዕዛዝ ነው፤ ይከበራል።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። በቁጥር 29 ልጁ ዋናውን ብሶት አወጣው።

ፊት ለፊቱ ያለው ኅትመት ቤት የሱን ካላንደር ከፌስቡክ ገጹ ላይ አውርዶ፣ ፎቶውን ቆርጦ፣ ለአንድ የመድኃኒት መደብር ካላንደር አትሞበታል። ያንኑ ፎቶ፣ ያንኑ ውሃ። ስድስቱን ዘለላ በቅጂ ቅደም ተከተል ያውቃቸዋል፤ አራተኛው ላይ ጠርዙ ስላልተስተካከለ አንድ ነጭ ነጥብ ቀርታለች፣ ነጥቧም እዚያ አለች። ሁለት ሌሊት የለፋሁበትን ሌባ ወሰደው ብሎ ክስ እንዴት እንደሚመሠረት ጠየቀ።

ፎቶ አንሺዋ በቁጥር 30 ሁለት ቃል ብቻ ጻፈች። ወንፈል ነው።

ቁጥር 31 ጎረቤቱን የሚሰድብ ነበር፤ ሰርዣለሁ። 32 እና 33 በልጁ ላይ ሳቁበት፤ ይህን ያህል ጭካኔ ባያስፈልግም። በ34 የሕግ ተማሪው ነገሩን ለየው። የወንፈሉ ግዴታ በራሱ አይፈጸምም። ልጁ የለወጠውን ፎቶ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ነበረበት፤ አለቀቀም። ጎረቤቱም ፈቃድ ተጽፎ አላየም፤ ዝም ብሎ ወሰደ። ስለዚህ ሁለቱም አጥፍተዋል። ስቲከሩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ጎረቤቱ በነጻ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ፎቶ አንሺውንም ልጁንም በስም ከጻፈ። ልጁ በቁጥር 35 ስሜም ይጻፋል እንዴ ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ሲቀየር በጽሑፍ እንኳን ይሰማል።

ከ36 እስከ 40 ጎረቤቱን ማን ይንገረው የሚል ነበር። ማንም መንገር አላስፈለገውም፤ ለካስ ሰውየው ሲያነብ ነበር። በቁጥር 41 ብቅ አለና ይቅርታ ጠይቆ፣ ስቲከሩን እሱም እንደሚያሠራ፣ ጽሑፉ እንዴት እንደሚሆን ብቻ እንዲነገረው ጻፈ። ዋጋ ከቀነሰለት ስቲከሩን ልጁ ጋ እንደሚያሳትምም ጨመረ።

በቁጥር 42 የቡሬው መምህር መስመሩን አረቀቁለት። ፎቶ ያነሳው እገሌ፣ ውሃ የጨመረው እገሌ፣ ከነፈቃዱ ስምና አድራሻ። ልጁ ውሃ የምትለው ቃል ላይ ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ቁጥር 43 የሱ ነው። የጠየቀው አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው፤ የአያቱ ስም ተረስቷል።